«ድነሻል» ያላት ማነው?

በአማርኛችን ውስጥ እንደ «ድናለች» ያለ ጆሮ የሚያስደስት ቃል ጥቂት ነው። የአልጋ ቁራኛ የነበረች ሴት ደጅ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ ያያት ሁሉ «እሰይ፣ ድናለች!» ይላል። ስለት የተሳለው ስለቱን ያገባል፣ የማኅበሩ ሴቶች ጠላ ይጠምቃሉ፣ ዘመድ ካለበት ይደውላል። እኔም ይህን ቃል አልጠላውም። የምጣላው ያለ ቦታው ሲነገር ነው። በተለይም የጡት ካንሰር ታክማ ለጨረሰች ሴት ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው «በቃ ድነሻል፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» ብሎ ሲያሰናብታት፣ ከዚያ ወዲያ ስላለው አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ግን አንድም ቃል ሳይተነፍስላት ሲቀር።

«አምስት ዓመት ከሞላሽ አለፈልሽ» የሚባል ነገርም አለ። ሐኪሙም ይለዋል፣ ነርሷም ትለዋለች፣ ቤተሰቡም እንደ ጾም መፍቻ ቀን ይቆጥረዋል። አምስቱ ዓመት ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ለአንዳንዱ ዓይነት የጡት ካንሰር እውነትነት አለው። ሆርሞን የማይቀበለው ኃይለኛው ዓይነት የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አምስት ዓመታት ውስጥ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን እየተመገበ የሚያድገው ዓይነት ግን እንዲህ አይቸኩልም። ቀን ይጠብቃል። በስድስተኛው፣ በዘጠነኛው፣ በአሥራ አምስተኛው ዓመት ይመጣል። እኛ አገር ደግሞ የሚበዛው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ 1,070 ሴቶች ላይ የተሠራና በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ምርመራው ከተደረገላቸው ውስጥ ከመቶ 65 ያህሉ ኤስትሮጅን ተቀባይ ነበሩ። የሴቶቹ አጋማሽ ዕድሜ 43 ነው። ልብ በሉ፣ 43 ማለት ገና ልጅ እያሳደጉ ያሉ፣ ገና ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊኖሩ የሚገባቸው ሴቶች ማለት ነው። ጥናቱ ራሱ ግን ከሴቶቹ ግማሹን ሁለት ዓመት እንኳ ሊከታተል አልቻለም። ስምንተኛው ዓመት ላይ የሆኑትን የሚያይበት ዓይን አልነበረውም።

አሁን ዳንግላ እንሂድ።

የሠፈራችን ሴት ናት። ስሟን ብጠራ ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ገበያው ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ ስለዚህ አልጠራም። ከስምንት ዓመት በፊት ጡቷ ላይ ባቄላ የምታህል ዕጢ አገኘች። ብልህ ናትና ቶሎ ሄደች። በቀዶ ሕክምና ወጣላት፣ ብብቷ ሥር ያሉት ንፍፊቶች ንጹሕ ናቸው ተባለ፣ ኬሞቴራፒውንም ፀጉሯ እያለቀ እስከ መጨረሻው ወሰደች። በመጨረሻም «በየቀኑ አንድ ዋጪ» ተብላ ክኒን ተሰጣት። ክኒኑ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ዓመት እንደሚወሰድ፣ ቢቋረጥ ምን እንደሚመጣ የነገራት የለም፤ ተነግሯት ከሆነም እሷ አልሰማችም፣ እናትዋም ከአገውኛ ሌላ ብዙም የማይገባቸው አሮጊት ናቸው። ሁለት ዓመት ያህል ዋጠች። ከዚያ አንድ ወር መድኃኒት ቤቱ «የለም» አላት። በሚቀጥለው ወርም «የለም» አላት። «ለነገሩ ድኛለሁ» አለችና ተወችው።

ስድስት ዓመት ደኅና ኖረች። በሠፈሩ ሠርግ ካለ ድስቱን የምትቆጣጠረው እሷ ነበረች። ከዚያ ወገቧን ያማት ጀመር።

ወገብ ያላመመው ማን አለ? እንሥራ ተሸክማ ያደገች፣ ዘመኗን ሙሉ ጎንበስ ብላ የሠራች ሴት ወገቤን አመመኝ ብትል «ብርድ ነው» እንጂ ሌላ ምን ትባላለች? መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። ከዚያ ነርቭ ነው ተባለ። ከዚያ ዲስክ ነው። ዲክሎፌናክ ተወጋች፣ ሌሊት ሌሊት ሕመሙ ባሰባት። ወጌሻ ተጠርቶ ጀርባዋን በቅቤ አሸው። (ካንሰር የበላው አጥንት ላይ ወጌሻ መጫን ምን ማለት እንደሆነ አጥንት ሐኪም ጠይቁ።) በሰባት ወር ውስጥ ሦስት ቦታ ታየች፤ በሦስቱም ቦታ አንድም ሰው «ከዚህ በፊት ምን ታመሽ ነበር?» ብሎ አልጠየቃትም። እሷም አልተናገረችም። ለምን ትናገር? የዳነ በሽታ ይወራል እንዴ? አንድ ወገን ደረቷን ለብሳ የምትሄድበትን ቀዳዳ የሚያይ ዓይን ጠፋ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ተወስዳ ምስል ሲነሣ፣ የጀርባ አጥንቷ ሁለት ቦታ ተበልቶ ተገኘ።

የኔ ጠብ እዚህ አያበቃም። ከዚያ በኋላ የተወራው ይበልጥ አንገብግቦኛል። ለጥየቃ የመጣው ሁሉ ቡናውን ፉት እያለ ምን ይላል መሰላችሁ? «ብረት ባይነካት ኖሮ!» «ነቀርሳ ቢላዋ ሲነካው እኮ ነው የሚሠራጨው!» በተቀመጡበት ቤት ውስጥ ስንት ሴት አለች? ከነሱ አንዷ ጡቷ ላይ ባቄላ የምታህል ነገር ተሸክማ፣ ለማን ልንገር እያለች ተቀምጣ ቢሆንስ? ያንን ቀን የምትወስደውን ውሳኔ እናንተም ታውቁታላችሁ። ቆልፋ ትይዘዋለች። ስለዚህ «ድነሻል» የምትለው አንዲት ቃል የምትጎዳው የተነገረቻትን ሴት ብቻ አይደለም። ከስምንት ዓመት በኋላ ሌላዋን ሴት ከሐኪም ታስቀራለች። በሽታው ሊመለስ እንደሚችል ከመጀመሪያው ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ሰዉ «ነግረውን ነበር፣ መጣ» ይል ነበር። ስላልተነገረ ግን ጥፋተኛ ፈለገ፣ ቢላዋውን አገኘ።

ቢላዋው ንጹሕ ነው። ነገሩን በእኛው በአዊ መሬት ላስረዳ። ድንች ተቆፍሮ ሲወጣ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ገበሬ ቢሆን ጥቂት ፍሬ አፈር ውስጥ ይቀርበታል። ማሳው ጠርቷል፣ ታርሷል፣ ገብስ ተዘርቶበታል። ክረምቱ ሲገባ ግን በገብሱ መካከል አንድ ሁለት የድንች ቅጠል ብቅ ይላል። ያንን ድንች ዶማው አላመጣውም። ዶማው ሳይደርስ በፊት እዚያው የነበረ ነው። ከጡት ዕጢም ጥቂት ሕዋሳት ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ በፊት፣ ዕጢው ገና ባቄላ እያለ፣ በደም ሥር አምልጠው መቅኔ ውስጥ ይደበቃሉ። አይባዙም፣ ይተኛሉ። ኬሞቴራፒ በዋነኛነት የሚያጠቃው የሚባዛ ሕዋስን ስለሆነ የተኛውን አልፎት ሊሄድ ይችላል። በምስልም አይታዩ፣ በደም ምርመራም አይያዙ። ድንቹ የሚጠብቀው አንድ ክረምት ነው፣ እነዚህ ግን አሥርም ክረምት ይጠብቃሉ፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል። ሌላም ነገር ልብ በሉ፦ በገብስ ማሳ የበቀለ ድንች ድንች እንጂ ገብስ አይባልም። አጥንት ውስጥ የተገኘው የጡት ካንሰርም የጡት ካንሰር ነው፣ «አሁን ደግሞ የአጥንት ካንሰር ያዛት» የሚባለው ስሕተት ነው። የሚታከመውም በጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። እሱ ሳይታወቅ «ሁለት ካንሰር ይዟት ምን ሊደረግላት» ተብላ ቤት የምትተኛ ሴት አለች።

የሚመለስባት ስንቷ ናት? በዚህ ጉዳይ ከተሠሩት ትልቁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። በ88 የሕክምና ሙከራዎች ውስጥ የነበሩ 62,923 ሴቶችን የደመረ ነው። ሁሉም ኤስትሮጅን ተቀባይ ዕጢ የነበረባቸው፣ አምስት ዓመት የሆርሞን መድኃኒት የወሰዱና በአምስተኛው ዓመት ምንም ምልክት ያልታየባቸው ናቸው። እንግዲህ በኛ ቋንቋ «የዳኑ» ማለት ነው። ዕጢያቸው ከሁለት ሳንቲ ሜትር ያልበለጠና ንፍፊታቸው ንጹሕ ከነበሩት፣ ማለት ከሁሉ ዕድለኞቹ ውስጥ፣ እስከ ሃያኛው ዓመት ድረስ ከመቶ 13ቱ ላይ ካንሰሩ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ተሠራጭቶ ተገኘ። ዕጢያቸው ተለቅ ካሉትና ከአራት እስከ ዘጠኝ ንፍፊት ከተነካባቸው ውስጥ ደግሞ ከመቶ 41ዱ። አደጋው በየዓመቱ ሳይቀንስ፣ እንደ ወለድ እየተጠራቀመ፣ እኩል እኩል ይሄዳል። ሴቶቹ የታከሙት ቀደም ባሉት ዓመታት ነውና ዛሬ በደንብ የምትታከም ሴት ዕድሏ ከዚህ እንደሚሻል ይገመታል። ደግሞም 13 ማለት 87ቱ ደኅና ናቸው ማለት ነው። እኔ «ሁሉሽም ይመለስብሻል» እያልኩ አላሟረትኩም። «አይመለስም» ያለው ሰው ከየት አመጣው ነው የምለው።

ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኦሊቪያ ኒውተን ጆንን በሙዚቃዋ የምታውቋት ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 የጡት ካንሰር ተገኘባት፣ ታከመች። በ2013 ተመለሰ፣ ሕዝብ አልሰማም። በ2017 ወገቧን አሟት ነርቭ ነው ብላ ነበር የጀመረችው፤ ወደ አጥንቷ ተሠራጭቶ ነበር። ከዚያም በኋላ አምስት ዓመት ኖራ ነሐሴ 2022 አረፈች። ልዩነቱ የት ላይ ነው? እሷ ወገቧን ሲያማት የት እንደምትሄድ ታውቃለች፣ የሄደችበትም ሰው የሃያ አምስት ዓመት ታሪኳን ያውቃል።

ወደ ክኒኑ እንመለስ። ታሞክሲፌን ይባላል። አዲስ ግኝት አይደለም፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ ባለቤትነቱ ያለፈበት፣ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ርካሽ መድኃኒት ነው። ሥራው የተኛው ሕዋስ ሲነቃ የሚበላው ኤስትሮጅን እንዳያገኝ በር መዝጋት ነው። አምስት ዓመት በአግባቡ የወሰደች ሴት በጡት ካንሰር የመሞት ዕድሏ በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ ጥቅሙም ክኒኑ ካቆመ በኋላ ለዓመታት ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አትላስ የተባለ ጥናት ደግሞ አምስቱን ዓመት አሥር ማድረግ ተጨማሪ ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳይቷል። ችግር አያመጣም አልልም። ድንገት ሙቀት ይለቅባታል፣ አልፎ አልፎ ደም ይረጋል፣ የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ካየች ቶሎ መታየት አለባት። ይኸም መነገር ያለበት ነገር ነው፤ ያልተነገራት ሴት ሙቀቱ ሲያቃጥላት ክኒኑን ትጥለዋለችና።

ታዲያ ይህን ርካሽ ክኒን ለአንዲት የዳንግላ ሴት ለአሥር ዓመት ሳይቋረጥ ማድረስ አቅቶን ነው? እንዴት ሊያቅተን ይችላል? ኤች አይ ቪን እናስታውስ እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀመር «ያልተማረ ገበሬ ዕድሜ ልኩን ሰዓት ቆጥሮ ክኒን አይውጥም» ያሉ ነጮች ነበሩ፣ የኛም ሰዎች ነበሩ። ገበሬው ዋጠ። ካርድ ተዘጋጀ፣ ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ቤቱ ድረስ ተፈለገ፣ በሽታው ያለባቸው ራሳቸው ተቀጥረው ሌላውን አበረታቱ። «ፀበል ላይ ነኝ፣ መድኃኒት አልወስድም» የሚል ሲበዛ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ፀበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን ለሕዝብ ተናገሩ። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየቀበሌው አለች። ለአንዱ በሽታ የተቻለ ለሌላው የማይቻለው በምን ምክንያት ነው? እኔ የማገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ ኤች አይ ቪ ያለበትን ሰው «ድነሃል» ብለን አላሰናበትነውም። «አብረኸው ትኖራለህ፣ እኛም አብረንህ እንኖራለን» አልነው። የጡት ካንሰሯን ሴት ግን አጨብጭበን ሸኘናት።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር አባል አለው፣ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ የሚያውቅ አለ። በዚሁ ዞን ታሞክሲፌን ላይ ያሉት ሴቶች ስንት ናቸው? ባለፈው ወር ክኒኗን ያልወሰደችው ማናት? የፈረሰኛ ስም የሚይዝ ሕዝብ መዝገብ መያዝ አያውቅም ብላችሁ አታሳምኑኝም።

ይህን ሁሉ ሳወራ የሴትዮዋ የባል ወንድም፣ የተከበሩ ሽማግሌ፣ ሲሰሙ ቆይተው «አንተ ልጅ፣ የተኛን ነገር ምን አስቀሰቀሰህ? ለሴት ልጅ ይህ ይነገራል? በሐሳብ አልቃ ትሞታለች እኮ» አሉኝ። ብዙ ሐኪሞችም ውስጣቸው ያለው ይኸው ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ሞፈር ቆርጠው ሲገቡ እባብ ያለበትን ጫካ ለልጅዎ አይነግሩትም?» አልኳቸው። «ለወንድ ልጅማ እነግረዋለሁ» አሉና ራሳቸውም ሳቁ። ይህ አባባላቸው ነው ነገሩን ሁሉ የገለጠው። እኛ መርዶ በሌሊት የምናረዳ ሕዝብ ነን፣ ክፉ ወሬን በደግ ሰዓት መንገር ያስነውረናል። ለሴት ሲሆን ደግሞ ወሬው ለባል፣ ለወንድም፣ ለልጅ ይነገርና እሷ ትታለፋለች። ሕመሙ ሲመጣ ግን የሚያማት እሷን ነው፣ ምልክቱን ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። የማታውቀውን ነገር እንዴት ትጠብቅ?

በተቃራኒው ደግሞ ሌላ ነጋዴ አለ። ከተማ የምትኖረውንና ገንዘብ ያላትን ሴት በየሦስት ወሩ «ሲቲ ስካን እንሥራልሽ፣ የደም ጠቋሚ እንይልሽ» እያለ ፍርሃቷን የሚሸጥላት። ይህም አይረባትም። እ.ኤ.አ. በ1994 ጣሊያን ውስጥ የተሠሩ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ምንም ምልክት የሌለባቸውን ሴቶች በየጊዜው በራጅና በመሰል ምስል መፈተሽ ዕድሜያቸውን እንደማያስረዝም አሳይተዋል። የሚያስፈልጋት በቀጠሮ የሚጠይቃትና በእጁ የሚመረምራት ሰው፣ በዓመት አንድ ጊዜ የጡት ምስል፣ ያልተቋረጠ ክኒን፣ እንዲሁም ምልክት ሲመጣ ሳይንገላታ የሚቀበላት ደጅ ነው። ሳምንታት አልፈውት በዕረፍት የማይለቅ፣ ሌሊት የሚብስ የአጥንት ሕመም፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ሳልና የትንፋሽ ማጠር፤ የዓይን ቢጫ መሆን፤ ያለ ምክንያት መክሳት፤ የማይለቅ ራስ ምታት፤ የእግር መዛል። እግሯ ድንገት ከከዳት ደግሞ የሰዓታት ጉዳይ ነው፣ የጀርባ አጥንቱ ሠረሠሯን ተጭኖ ይሆናልና።

«ከተሠራጨ በኋላ ምን ሊጠቅም?» የሚለኝም ይኖራል። ይጠቅማል! ነቅሎ የሚያጠፋው ሕክምና የለም፣ እውነት ነው። ግን ወደ አጥንት ብቻ የተሠራጨባቸው ሴቶች በሆርሞን መድኃኒት ዓመታት ይኖራሉ። ለሕመሙ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር በተደጋጋሚ ከሚሰጠው እኩል ያስታግሣል። አንድ ቀን! ከዳንግላ ለምትመጣ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ጨረሩ ያለበት ነው። ጥቁር አንበሳ እ.ኤ.አ. በ1997 ከጀመረ ወዲህ ለሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ለመላው አገር ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው እንደ ጅማ ያሉት የተከተሉት። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ጦርነቱ መንገድ ሲዘጋ፣ ሰማንያ ኪሎ ሜትር የማይሞላው የባሕር ዳር መንገድ እንኳ የማይደረስበት አገር የሆነበት ሳምንት አለ። መንገድ ሲዘጋ የሚቋረጠውን ክኒን ማን ቆጠረው? የሦስት ወር ክኒን በአንድ ጊዜ አስይዞ መስደድ ሚኒስትር አይጠይቅም።

ስለዚህ ከሐኪሞቻችን የምለምነው ቀላል ነው። ሴቲቱን ስታሰናብቱ «ድነሻል» አትበሏት፣ «ሕክምናሽን ጨርሰሻል፣ አሁን ምንም አይታይብሽም፣ አብዛኞቹ እንዲህ ሆነው ይኖራሉ፣ ጥቂቶቹ ላይ ግን ከዓመታት በኋላም ይመለሳል» በሏት። ከዚያ አንድ ወረቀት በእጇ ስጧት፣ መዝገብ ቤት የሚቀር ሳይሆን ከልጆቿ የክትባት ካርድ ጋር ሳጥኗ ውስጥ የምታስቀምጠው። ዕጢው በየትኛው ጡት እንደነበረ፣ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደነበረ፣ ስንት ንፍፊት እንደተነካ፣ ኤስትሮጅን ተቀባይ መሆን አለመሆኑ፣ ምን ኬሞቴራፒ እንደወሰደች፣ ታሞክሲፌን መቼ እንደጀመረችና መቼ እንደሚያልቅ ይጻፍበት። ከሥሩ በጉልህ፣ በአማርኛም በአገውኛም፣ «ወገብሽን ወይም አጥንትሽን ካመመሽ ይህን ወረቀት አስቀድመሽ አሳዪ» የሚል ይታከልበት።